ከዕፅዋት ሥር ያለው መሬት፦ ከሌዘር ቅኝት የመሬት ገጽታ ሞዴል ስለ ማዘጋጀት

ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ የፋኩልቲ ሌክቸር፣ ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእስ ከስሙ ሲታይ ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን አንድና ግልጽ ነው፦ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር በሸፈነው ቦታ መሬቱ በትክክል የቱ ጋ ነው?

ጥያቄው ለምን ሊያሳስበን እንደሚገባ በምሳሌ ላስረዳ። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ እንዲሆን የተከለለ አንድ ተራራማ ቦታ አለ እንበል። ሲከለል የተራቆተ ነበር፤ ያን ጊዜ በሌዘር ተቃኘ። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃኘ። ሁለቱ ሞዴሎች ሲቀናነሱ መሬቱ በአማካይ 25 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን ያየ ሰው «አፈሩ ተመልሷል፤ ሥራው ፍሬ አፍርቷል» ብሎ ሪፖርት ለመጻፍ ይቸኩላል። ነገር ግን ያ 25 ሳንቲሜትር አፈር ነው ወይስ ሣር? መልሱን ካላወቅን በሪፖርቱ ላይ የሚመሠረተው በጀት፣ ዕቅድና ምርምር ሁሉ መሠረቱ የላላ ይሆናል። ወደዚህ ምሳሌ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን መለኪያው ምን እንደሚለካ፣ መሬት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ፣ መሬቱን ከዕፅዋቱ የምንለይባቸው ስልቶችም እንዴት እንደሚሠሩ በቅደም ተከተል እናያለን።

ሌዘሩ የሚለካው ምንድን ነው?

ሊዳር የሚባለው መሣሪያ በቀጥታ የሚለካው ከፍታን ሳይሆን ጊዜን ነው። ከአውሮፕላን፣ ከሄሊኮፕተር ወይም ከድሮን ላይ አጭር የብርሃን ምት ይለቃል፤ ምቱ አንድ ነገር ነክቶ እስኪመለስ ያለፈውንም ጊዜ ይቈጥራል። ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ፣ 30 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። መንገዱ ደርሶ መልስ በመሆኑ አንድ ናኖ ሰከንድ 15 ሳንቲሜትር ርቀት ማለት ነው። መሣሪያው በዚያች ቅጽበት የት እንደነበረ ከጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያው፣ ወደየት ዘንበል ብሎ እንደነበረ ደግሞ ከእንቅስቃሴ መለኪያው ስለሚታወቅ፣ ርቀቱ ወደ ሦስት ኮኦርዲኔቶች ይለወጣል። ይህ በሰከንድ በመቶ ሺዎች ለሚቈጠሩ ምቶች ሲደጋገም በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቈጠሩ ነጥቦች ይከማቻሉ። ባለሙያዎች ይህን ክምችት «የነጥብ ደመና» ይሉታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው፣ ጨረሩ እንደ መርፌ ቀጭን አለመሆኑ ነው። የጨረሩ መስፋት 0.5 ሚሊራዲያን ቢሆን፣ ከ1,000 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ መሬት ላይ የሚያርፍበት ክብ 50 ሳንቲሜትር ስፋት ይኖረዋል። በዚህ ክብ ውስጥ የብርሃኑ ከፊል በቅጠል ሲመለስ ከፊሉ በክፍተት አልፎ ወደ ታች ይቀጥላል። ስለዚህ ከአንድ ምት ብዙ ምላሾች ሊመጡ ይችላሉ፤ አንዱ ከዛፉ ጫፍ፣ ሌላው ከቅርንጫፍ፣ የመጨረሻው ምናልባት ከመሬት። «ምናልባት» የምለው ሆን ብዬ ነው። የመጨረሻው ምላሽ ማለት ብርሃኑ ሊነግረን የቻለው የመጨረሻው ነገር ማለት እንጂ መሬት ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ተማሪዎች የመጨረሻ ምላሾችን ብቻ መርጠው «ይህ መሬቱ ነው» ይላሉ፤ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ቅርንጫፎች ናቸው።

ሁለተኛው፣ ነጥቦቹ ሲመዘገቡ ስም የሌላቸው መሆኑ ነው። ነጥቡ ኮኦርዲኔት አለው፤ የምላሹ ጥንካሬና ተራ ቍጥሩም ይታወቃል። ቅጠል ይሁን ድንጋይ ግን መሣሪያው አይናገርም። መለየቱ የእኛ ሥራ ነው።

ከድሮን ፎቶግራፍ የሚሠራውን ሞዴል ለምታውቁ፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በፎቶግራፍ ከፍታን ለማግኘት አንድ የመሬት ነጥብ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ አቅጣጫዎች መታየት አለበት። ለሌዘር ግን አንድ ክፍተት ይበቃዋል። ስለዚህ በፎቶግራፍ የተሠራ ሞዴል በደን ላይ የዛፎቹን አናት ሲያሳየን፣ የሌዘሩ ወደ ሥራቸው ይደርሳል።

ሽፋኑን አልፎ የሚደርሰው ስንት ነው?

ከላይ ከተለቀቁት ጨረሮች ስንቶቹ መሬት ይደርሳሉ? ይህን ለመገመት የቅጠል ሽፋን መጠን የሚባለውን እንጠቀማለን፤ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ያለው የቅጠል ስፋት ድምር ማለት ነው። ቅጠሎቹ በየአቅጣጫው ያለ ሥርዓት የተበተኑ ናቸው ብለን ብንወስድ፣ ሽፋኑ በጨመረ ቍጥር የሚያልፈው ብርሃን በፍጥነት ይቀንሳል። የቅጠል ሽፋኑ 2 በሆነበት ሳሳ ባለ ደን በቀጥታ ወደ ታች ከተለቀቀው ጨረር 37 በመቶ ያህሉ ያልፋል። ሽፋኑ 5 ሲሆን ግን የሚያልፈው 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጨረሩ 30 ዲግሪ ወደ ጎን ካዘነበለ በቅጠሉ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ ስለሚረዝም ይህም ወደ 6 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በተፈጥሮ ቅጠሎች በቅርንጫፍ ዙሪያ ስለሚሰበሰቡ እውነተኛው ክፍተት ከዚህ ስሌት ሰፋ ሊል ይችላል፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ውሳኔ ይከተላል። በአንድ ካሬ ሜትር 10 ምት የሚለቅ ቅኝት ብናዝ፣ በጥቅጥቁ ደን ሥር በካሬ ሜትር ከ1 ያነሰ የመሬት ነጥብ እናገኛለን። ስለዚህ ቅኝት ሲታዘዝ የሚጠየቀው «በካሬ ሜትር ስንት ነጥብ?» ብቻ ሳይሆን «ከሽፋኑ ሥር በካሬ ሜትር ስንት የመሬት ነጥብ?» መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 አርለንና ዳያን ቼዝ የተባሉት አርኪዮሎጂስቶች ቤሊዝ ውስጥ ካራኮል የተባለውን ጥንታዊ የማያ ከተማ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያስቃኙ፣ በካሬ ሜትር 20 ያህል ምት ተለቅቆ ከደኑ ሥር መሬት የደረሰው ከ2 ያነሰ ነበር። ያም ሆኖ እርከኖችን፣ መንገዶችንና የሕንጻ ፍርስራሾችን ለማሳየት በቃ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካምቦዲያ አንኮር አካባቢ፣ ቆይቶም በሰሜን ጓቴማላ የተደረጉት ቅኝቶች ይህንኑ አረጋገጡ፤ ጓቴማላ ውስጥ በ2,144 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ61,000 በላይ ጥንታዊ ግንባታዎች ተቈጥረዋል። ለዘመናት ደን ውጦት የቈየ ነገር በጥቂት በመቶ ብርሃን ተገለጠ።

ወቅትም ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው። በአውሮፓ ቅኝቱ ዛፎች ቅጠላቸውን ባራገፉበት ወራት ይካሄዳል። በእኛ አገር ይህ ምክር እንዳለ አይሠራም። በደጋው ያሉት ጽድ፣ ወይራና ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አይለያቸውም። በቈላው ያሉት የዕጣን ዛፍና መሰሎቹ ግን በበጋ ቅጠላቸውን ስለሚያራግፉ ለእነርሱ ጥርና የካቲት ምቹ ናቸው። ለሣርም እንዲሁ፤ በመስከረም ወገብ የሚደርስ ሰንበሌጥ በበጋ ታጭዶ ወይም ደርቆ ይወድቃል።

መሬት የምንለው የትኛውን ነው?

ወደ ስልቶቹ ከመግባታችን በፊት ትርጉሙን እንስማማበት። የላይኛው ገጽታ ሞዴል ስንል ብርሃኑ መጀመሪያ ያገኘውን፣ ማለትም የዛፉን አናትና የቤቱን ጣራ ጨምሮ ያለውን ገጽ ነው። የመሬት ገጽታ ሞዴል ስንል ደግሞ ዛፉም ቤቱም ተነሥቶ የሚቀረውን ነው። የሁለቱ ልዩነት የዕፅዋቱን ቁመት ይሰጠናል።

ትርጉሙ ቀላል ይመስላል፤ ወደ ላሊበላ ሲወሰድ ግን ይፈተናል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ የቆመ ነው፤ ጣራው ከዙሪያው መሬት ጋር ይስተካከላል፤ ግድግዳው ከመሠረቱ ዐለት አልተለየም። እንግዲህ ይህ ሕንጻ ነው ወይስ መሬት? ለጂኦሎጂ ባለሙያው ዐለት ነው፤ ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያው ሕንጻ ነው፤ የጐርፍ ፍሰትን ለሚያጠናው ደግሞ ዋናው ነገር በዙሪያው የተቈፈረው ጕድጓድ ነው። የትኛውም አልጎሪዝም ይህን ሊወስንልን አይችልም። የእርከን ግንብ፣ የድንጋይ ካብ፣ ከጐርፍ ጋር የወረደ ግንድም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣሉ። ስለዚህ ሞዴሉ ለምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው፣ የሠራው ሞዴል ትክክል መሆን አለመሆኑን ሊፈርድ አይችልም።

መሬቱን ከዕፅዋቱ የመለየት ስልቶች

ሁሉም ስልቶች በአንድ ግምት ላይ ይመሠረታሉ፦ በአንድ አነስተኛ አካባቢ ውስጥ ዝቅተኞቹ ነጥቦች መሬት የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ መሬትም በአብዛኛው በድንገት አይዘልም። የሚለያዩት ይህን ግምት በሚተረጕሙበት መንገድ ነው። ዋና ዋናዎቹን አራቱን እነሆ።

የመጀመሪያው በመስኮት የሚሠራው ነው። በነጥቦቹ ላይ የተወሰነ ስፋት ያለው መስኮት ይንቀሳቀሳል፤ መጀመሪያ በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ዝቅተኛ ከፍታ ይወስዳል፤ ቀጥሎ ከእነዚያ ዝቅተኞች ከፍተኛውን መልሶ ይወስዳል። በዚህ ሂደት ከመስኮቱ የጠበበ ጕብታ ሁሉ ይጠፋል። መስኮቱ ከትንሽ ተነሥቶ እያደገ ሲሄድ መጀመሪያ ቁጥቋጦው፣ ከዚያ ዛፉ፣ በመጨረሻም ሰፊው ጣራ ይወገዳል። ችግሩ፣ ስልቱ ጠባብ ጕብታን ሁሉ በአንድ ዐይን ማየቱ ነው። ሰፊ የአምባ አናት ከመስኮቱ ስለሚበልጥ ይተርፋል፤ ጫፉ የሾለ ዐለትና ጠባብ ሸንተረር ግን ከዛፍ ጋር አብረው ይቈረጣሉ።

ሁለተኛው በሦስት ማዕዘኖች የሚሠራው ነው፤ ስዊድናዊው ፒተር አክሰልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው ነው። በሰፋፊ ክፍሎች ውስጥ ካሉት ነጥቦች ዝቅተኞቹ ተመርጠው በሦስት ማዕዘኖች ይያያዛሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቀሪ ነጥብ ይፈተናል፤ ከሦስት ማዕዘኑ ያለው ርቀትና ከማዕዘኑ ጫፎች ጋር የሚሠራው አንግል ከተወሰነው ገደብ ካላለፈ መሬት ተብሎ ይቀላቀላል፤ መረቡም እየደቀቀ ይሄዳል። ስልቱ በስፋት የሚሠራበት ነው። ሆኖም መነሻው ዝቅተኛ ነጥብ ስለሆነ፣ በብርሃን መንጸባረቅ መዛባት ምክንያት ከመሬት በታች የተመዘገበ አንድ ሐሰተኛ ነጥብ ሲያጋጥመው በዙሪያው ያለውን እውነተኛ መሬት ሁሉ ከፍ ያለ አድርጎ ይጥለዋል። ስለዚህ ሐሰተኛ ዝቅተኛ ነጥቦችን አስቀድሞ ማጽዳት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው በክብደት የሚሠራው ነው። የቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲዎቹ ካርል ክራውስና ኖርበርት ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1998 በተለይ ለደን ቦታ ያቀረቡት ነው። መጀመሪያ በሁሉም ነጥቦች መካከል፣ ዛፍንም መሬትንም ሳይለይ፣ አንድ ለስላሳ ገጽ ይሳላል። ይህ ገጽ በዛፉና በመሬቱ መካከል ያልፋል። ከገጹ በታች ላሉት ነጥቦች ከፍ ያለ ክብደት፣ በላይ ላሉት ዝቅ ያለ ክብደት ይሰጣል፤ ገጹም እንደገና ይሳላል። በየዙሩ የላይኞቹ ድምፅ እየደከመ፣ ገጹ ወደ መሬት እየወረደ ይሄዳል። ጥንካሬው በአንድ ነጥብ ላይ ቸኵሎ አለመፍረዱ ነው። ድክመቱ ደግሞ ከዛፎቹ ሥር የመሬት ነጥብ ጨርሶ በሌለበት ሰፊ ቦታ ገጹ የሚወርድበት ነገር ማጣቱ ነው።

አራተኛው የጨርቅ ስልት ነው፤ የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ነው። ነጥቦቹ ሁሉ ላያቸው ታች፣ ታቻቸው ላይ እንዲሆን ይገለበጣሉ፤ መሬቱ ከላይ ሆኖ ዛፎቹ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ከዚያ ከላይ አንድ ምናባዊ ጨርቅ ይለቀቃል፤ ጨርቁ ያረፈበት መሬት ነው። እዚህ ላይ ዋናው ምርጫ የጨርቁ ዐይነት ነው። ነጠላ ብንለቅ ለስላሳ ስለሆነ የመሬቱን ቅርጽ በሚገባ ይከተላል፤ የመሬት ነጥብ በሌለበት ክፍተት ግን ሰርጎ ገብቶ ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል። ጋቢ ብንለቅ ክፍተቱን ሳይሰምጥ ይሻገራል፤ ነገር ግን ሲገለበጡ ጠባብ ሸለቆ የሆኑትን ሸንተረሮችና የእርከን ጫፎች ሳይነካ ስለሚያልፍ እነርሱን ቈርጦ ይጥላል።

ይህ የነጠላና የጋቢ ምርጫ የአንዱ ስልት ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ነው። ሁለት ዐይነት ስሕተት አለ፤ መሬትን ዕፅዋት ብሎ መጣልና ዕፅዋትን መሬት ብሎ መቀበል። አንዱን ለመቀነስ ገደቡን ስናጠብቅ ሌላው ይጨምራል። ጆርጅ ሲቶሌና ጆርጅ ቮሰልማን እ.ኤ.አ. በ2004 ስምንት ስልቶችን ጎን ለጎን ሲመዝኑ፣ ሁሉም በለዘበ ገጠራማ መሬት ላይ ጥሩ ሠርተው፣ ገደል፣ ሕንጻና ዕፅዋት በተደባለቁበት ተዳፋት ግን ሁሉም ተቸግረዋል። የእኛ ደጋ የሚመስለው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ከሌላ አገር በሜዳ ላይ የተፈተነን ገደብ እንዳለ ወስዶ በሰሜን ተራሮች ላይ መጠቀም አያዋጣም።

ከዛፍ ይልቅ ሣር ለምን ያስቸግራል?

ብዙ ሰው ረጅሙ ዛፍ ዋናው ችግር ይመስለዋል። በእርግጥ ዛፍ ክፍተት ይከለክላል፤ ግን ከመሬት በጣም ስለሚርቅ ለመለየት ቀላል ነው። 20 ሜትር ላይ ያለን ቅጠል መሬት ነው የሚል አልጎሪዝም አይገኝም። አስቸጋሪው ዝቅ ብሎ መሬቱን የሚመስለው ሣርና ቁጥቋጦ ነው።

ምክንያቱ ከፊዚክሱ ይመነጫል። የብርሃኑ ምት ርዝመት አለው። 5 ናኖ ሰከንድ የሚቈይ ምት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ለመመዝገብ በመካከላቸው 75 ሳንቲሜትር ያህል ርቀት ያስፈልገዋል። ሣሩ 50 ሳንቲሜትር ከሆነ የሣሩና የመሬቱ ምላሽ ተደራርበው እንደ አንድ ይመለሳሉ፤ የሚመዘገበውም ነጥብ በሁለቱ መካከል በሆነ ቦታ ይሆናል። ይህ ነጥብ ሣርም መሬትም አይደለም፤ በተፈጥሮ ውስጥ ምንም ነገር በሌለበት ቦታ ላይ ያለ ነጥብ ነው። ከእርሱ በታች ሌላ ነጥብ ስለሌለ የትኛውም የመለያ ስልት ሊያጋልጠው አይችልም። አጭር ምት የሚለቁ መሣሪያዎች ችግሩን ይቀንሱታል። የምላሹን ሙሉ ሞገድ የሚመዘግቡ መሣሪያዎችም ይረዳሉ፤ ከሣርና ከመሬት ተደራርቦ የመጣ ምላሽ ከጠራ መሬት ከመጣው ይልቅ ሰፋ ስለሚል፣ ስፋቱን አይቶ መጠርጠር ይቻላል።

ተዳፋት ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በ45 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 30 ሳንቲሜትር የአግድም ስሕተት ወደ 30 ሳንቲሜትር የከፍታ ስሕተት ይለወጣል። በሜዳ ላይ የማይታይ ስሕተት በተራራ ላይ ይገዝፋል።

ከነጥብ ወደ ሞዴል፣ ከሞዴል ወደ ማረጋገጫ

የመሬት ነጥቦቹ ከተለዩ በኋላ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በስሌት ሞልተን ሞዴሉን እንሠራለን። እዚህ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ የፒክስሉ ስፋት ከነጥቦቹ ብዛት ጋር ይመጣጠን። ከደን ሥር በ4 ካሬ ሜትር አንድ ነጥብ ካለን፣ 25 ሳንቲሜትር ፒክስል ያለው ሞዴል ማውጣት ያልተለካን ነገር እንደተለካ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ከሞዴሉ ጋር በአቅራቢያ የመሬት ነጥብ የሌለባቸውን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ ማያያዝ ተገቢ ነው። ተጠቃሚው የተለካውንና የተገመተውን የመለየት መብት አለው።

ማረጋገጫውም እንዲሁ ነው። የሞዴል ትክክለኛነት ብዙ ጊዜ የሚለካው በአስፋልት ወይም በባዶ ሜዳ ላይ በተወሰዱ የጂ.ፒ.ኤስ. ነጥቦች ነው። ውጤቱ 5 ወይም 10 ሳንቲሜትር ተብሎ በሪፖርቱ ሽፋን ላይ ይጻፋል፤ ደኑንም ሣሩንም የሚወክል ይመስላል። ትክክለኛው አካሄድ የማረጋገጫ ነጥቦችን በሽፋን ዐይነት መመደብ ነው፦ ባዶ መሬት፣ አጭር ሣር፣ ረጅም ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ደን። በደን ውስጥ የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ስለሚደክም በቶታል ስቴሽን መለካት ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ምትክ ግን የለውም።

በዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን መለየት ይገባል። ዘፈቀዳዊ ስሕተት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይላል፤ ብዙ ነጥቦች ሲደመሩ ይቻቻላል። ወደ አንድ ወገን ያደላ ስሕተት ግን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው። ሣር መሬትን ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። አንድ ሚሊዮን ነጥብ ቢደመር ይህ ስሕተት አይጠፋም።

ዋጋው ቀላል አይደለም። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ስፋት ባለው የመንገድ መስመር ላይ ቁጥቋጦ ሞዴሉን በአማካይ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ቢያደርገው፣ የቍፋሮው መጠን በ60,000 ሜትር ኩብ ይዛነፋል። በጠባብ የውሃ መውረጃ ላይ የቀረ አንድ ቁጥቋጦ ደግሞ በሞዴሉ ውስጥ ግድብ ሆኖ ይቆማል፤ የፍሰት ስሌቱም በሌለ ኩሬ ውሃ ያጠራቅማል።

አፈር ወይስ ሣር?

አሁን ወደ ተከለለው ተራራ እንመለስ። 25 ሳንቲሜትር በአንድ ሄክታር ላይ 2,500 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል 3,000 ቶን ይሆናል። የስዊዘርላንዱ የጂኦግራፊ ሊቅ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ግምት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ስለዚህ በሞዴሉ ላይ የታየው ጭማሪ ሁሉ አፈር ቢሆን፣ እያንዳንዱ የተከለለ ሄክታር ከእርሱ በላይ ካለ እኩል ስፋት ያለው እርሻ የ71 ዓመት እጣቢ በ5 ዓመት ውስጥ ሊቀበል ይገባ ነበር። ተዳፋት ላይ ያለ ቦታ ይህን አያደርግም። መልሱ ሣር ነው።

ይህ ማለት መከለሉ አልሠራም ማለት አይደለም። ሣሩ መመለሱ ራሱ ታላቅ ውጤት ነው፤ ሊጻፍ የሚገባውም በስሙ ነው። ለዕፅዋት ማገገም የሚሰጠውን ክብር ለአፈር መሰብሰብ መስጠት ግን ሁለቱንም ይጎዳል፤ አፈሩ እንደተመለሰ ስናምን እርከኑን መጠገን እንተዋለንና።

የዚህኑ ስሌት ሌላውን ጎን ተመልከቱ። 42 ቶን በሄክታር 3.5 ሚሊሜትር ውፍረት ነው። እያንዳንዱ ሞዴል 10 ሳንቲሜትር ዘፈቀዳዊ ስሕተት ካለው፣ በአንድ ፒክስል ላይ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልናውቀው የምንችለው ትንሹ ለውጥ 28 ሳንቲሜትር ያህል ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው መታጠብ ነው፤ ከአየር በሚደረግ ቅኝት ከዓመት ወደ ዓመት አይታይም። ለእርሱ በወንዝ መውጫ ላይ የሚደረግ የደለል ልኬትና የሙከራ መደብ ያስፈልጋሉ። ቦረቦር ግን ሌላ ነው። ሦስት ሜትር የጠለቀ ቦረቦር በአንድ ክረምት ብዙ ሜትር ወደ ላይ ሲሄድ ሌዘር በሚገባ ይለካዋል፤ የምንጠነቀቀው በአፋፉ ላይ ለበቀለው አጋምና ክትክታ፣ ጫፉንም ቈርጦ ለሚጥለው ጠንካራ ገደብ ነው። መሣሪያውን የሚችለውን እንጠይቀው፤ የማይችለውን ከሌላ መሣሪያ እንሻ።

ለተማሪዎቼ የምተወው ምክር አጭር ነው። ቅኝት ከመታዘዙ በፊት ሞዴሉ ለምን እንደሚያገለግል ጻፉ። ሣሩ ባነሰበት ወቅት አስቃኙ፤ ሁለት ቅኝቶችን የምታነጻጽሩ ከሆነ በአንድ ወቅት ይሁኑ። ከአንድ በላይ የመለያ ስልት ሞክሩ፤ ስልቶቹ የማይስማሙበት ቦታ በእግር ሄዳችሁ ልታዩት የሚገባው ቦታ ነው። በሁለቱ ቅኝቶች መካከል ያልተለወጠን ነገር፣ ለምሳሌ ዐለትን ወይም የድልድይ ወለልን፣ አነጻጽራችሁ የሁለቱን ሞዴሎች መገጣጠም አረጋግጡ። ከዚያ በየሽፋኑ ዐይነት ስሕተቱን ለክታችሁ ከውጤቱ ጎን አስፍሩ።

ሌዘር ከዚህ ቀደም ማየት ያልቻልነውን አሳይቶናል፤ ወደፊትም ያሳየናል። ያሳየን ነገር አፈር ይሁን ሣር ለይቶ መናገር ግን ዛሬም የአጥኚው ኀላፊነት ነው።